ሱራን ማን አጠበው

የቫዝሊን ሽታ ሽው ባለኝ ቁጥር፣ ፋርማሲ ውስጥም ልሁን ሰው ቤት፣ ቀራንዮ በነበረው ቤታችን የታናሽ ወንድሜ የሱራ አልጋ ጫፍ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ሱራን ገና በጨቅላነቱ የያዘው ችፌ አልለቀው ብሎ፣ ጉንጩ፣ የክርኑ መታጠፊያና የጉልበቱ ጀርባ ዓመቱን ሙሉ እንደቀላና እንደሻከረ ነበር፤ እናቴ ጠዋት ማታ ቫዝሊን ትለቀልቀው ስለነበር ብርድ ልብሱም፣ ትራሱም፣ የእኔ የቤት ሥራ ደብተር ሳይቀር ያንኑ ይሸት ነበር። ቆዳውን ምን እንደሚያስቆጣው ቁርጡን የሚነግረን ሰው ስላልነበረ እናቴ ሁሉንም ትጠረጥር ነበር፤ ሳሙናውን፣ የሱፍ ሹራቡን፣ እንቁላሉን፣ የጎረቤቱን ድመት፣ «ሲያምር» ብለው እንትፍ ሳይሉ የሚያልፉትን ሴትዮ ጭምር። ከእሷ የወረስኩት ነገር ቢኖር ይኸው ጥርጣሬ ነው፤ ዛሬም አዲስ ሳሙና ስገዛ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ካላነበብኩ አልከፍልም።

እኔ ሰባት ዓመቴ፣ ሱራ ደግሞ ሁለተኛውን ሊደፍን ሲል፣ በክረምቱ መግቢያ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ እናኑ ከጎጃም መጡ። አባቴ የመንገድ ሥራ ላይ ስለነበር ቤት የሚመጣው በወር አንዴ ነበር፤ እናቴ አየር ጤና አጠገብ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራ ስለነበር፣ ሱራን የሚይዝ የሥጋ ዘመድ መገኘቱ እፎይ ሊያሰኛት ይገባ ነበር። እሷ ግን ዝናብ እየደበደባት ማታ ስትገባ፣ ጃንጥላዋን እንኳ ሳታጥፍ ሱራን ከእትዬ እናኑ ክንድ ተቀብላ አናቱን፣ አንገቱን፣ ብብቱን ታሸተው ነበር። እትዬ እናኑ ቆመው ያዩና አሽትታ ስትጨርስ ራት ያቀርቡላት ነበር።

መስቀል አልፎ የጥቅምት ደረቅ ንፋስ ሲነሳ የሱራ ቆዳ ፀሐይ እንደመታው ጭቃ ተሰነጣጠቀ። በዚያው ሰሞን አንድ ማታ እናቴ ስታሸተው ቅቤ ሸተታት።

«እትዬ እናኑ፣ ቅቤ ቀብተውታል?»

«አናቱ ላይ ብቻ ነው፣ ጥቂት። እኛ አገር ልጅ ያለ ቅቤ አያድግም።»

«እዚህ ቤት ያድጋል» አለች እናቴ።

ለዚያ ቀን ነገሩ በዚያው አለቀ። በማግስቱ ጠዋት ግን የጫማዬን ክር እያሰረችልኝ «አንቺ በምሳ ሰዓት ትመለሻለሽ። ከሱራ ላይ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ፤ ምን እንደሚደረግበት ማታ ማታ ትነግሪኛለሽ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለችኝ። የፈረሱ ነገር አልገባኝም፤ እንደ ትልቅ ሰው ስላማከረችኝ ግን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፣ እናም በሰባት ዓመቴ የቤታችን ጆሮ ጠቢ ሆንኩ። ዛሬ ፊቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ዛሬ ሙዝ አኝከው ሰጡት እያልኩ በየማታው እዘረዝር ነበር፤ የምናገረው ነገር ባጣሁ ቀን ራሴን እንደ ሰነፍ ተማሪ እቆጥር ነበር።

የካቲት ላይ ሰፈሩን ጉድፍ አዳረሰው። እኔ ቀደም ብሎ ወጥቶልኝ ስለነበር አልነካኝም፤ ሱራ ግን አንድ ጠዋት እንደ እሳት እየነደደ ተነሳና ደረቱ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ታዩ። እናቴ መጀመሪያ ችፌው የተነሳበት መስሏት «ደግሞ ምን አብልተውት ነው?» ብላ እትዬ እናኑን አፋጠጠቻቸው፤ ነጠብጣቦቹ በማግስቱ ውሃ ቋጥረው ጀርባውን ሲሸፍኑት ነው ጉድፍ መሆኑ የገባት። ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው ምክራቸውን አወረዱት፤ መስኮቱን ዝጊ፣ ሸፋፍኚው፣ ከሁሉም በላይ እስኪደርቅ ድረስ ውሃ እንዳታስነኪው፣ ውሃ ከነካው ወደ ውስጥ ይገባበትና ልጁን ያሳጣሻል አሏት። ማንንም የማታምነው እናቴ ይህንን ግን አመነች። እንዳይቧጥጥ ሁለት እጆቹን ካልሲ አልብሳ በክር አሰረች፣ «ጠብታ ውሃ እንዳይነካው» ብላ ለእትዬ እናኑ ሦስት ጊዜ ደጋግማ፣ ለእኔ ደግሞ በዓይኗ ብቻ ነግራ፣ ቀርታ ከሥራ እንዳትባረር እየፈራች ወጣች። ሱራ ሊሞትብን ይችላል ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ እናኑ «ሂጂ ውጪ ተጫወቺ» ብለው በሩን ዘጉብኝ። በማግስቱም እንደዚያው አደረጉ። ሦስተኛው ቀን ላይ የምጫወት መስዬ ወጥቼ ተመለስኩና በበሩ ጣውላዎች መካከል በነበረው ክፍተት አጮለቅሁ። ሱራ ራቁቱን የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ተቀምጧል፤ ውሃው ወተት ይመስላል። እትዬ እናኑ አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ ውሃው ውስጥ እየነከሩ ሲጨምቋት ነጭ ነገር ይወጣታል፣ እሱን በመዳፋቸው እየቀዱ ቀስ ብለው ጀርባው ላይ ያፈሱታል፣ ከንፈራቸው ደግሞ ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውለው ሱራ ጭጭ ብሎ ነበር፤ እኔም በዝምታው ደነገጥኩ፣ አደንዝዘውት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ።

ማታ እናቴ ገና በር ላይ ሳለች በጆሮዋ ነገርኳት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሁለታችንንም አቆመችን።

«በይ እስኪ በፊታቸው ንገሪ» አለችኝ።

ተናገርኩ፤ ሳፋውን፣ ነጩን ውሃ፣ የከንፈራቸውን መንቀሳቀስ፣ አንድም ሳላስቀር። ስናገር እትዬ እናኑ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም።

«እውነቷን ነው፣ አጥቤዋለሁ» አሉ። «ሰውነቱን ቦጫጭቆ ሊጨርስ ሆነ። ለብ ያለ ውሃ ሲነካው ፋታ ያገኛል።»

«ነጩስ ምንድን ነው?»

«አጃ ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

እናቴ ቋጠሮዋን ነጥቃ ወሰደችባቸው። ጠዋት እትዬ እናኑ ልብሳቸውን ቋጥረው ኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደምትኖር የአጎታቸው ልጅ ሄዱ። ሱራ ካልሲ የለበሱ እጆቹን ወደ እሳቸው ዘርግቶ ያለቅስ ነበር፤ እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ቆሜ፣ ሌባ እንዳስያዘ ሰው ኮርቼ ነበር። እንደኮራሁ ሳስታውስ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

እናቴ አለቃዋን ለምና ቤት ቀረች፣ ሱራንም ሸፋፍና ጠብታ ውሃ ሳታስነካው አምስት ቀን ጠበቀች። ክንዶቹ ላይ ችፌው የነበረበት ቦታ ሁሉ መግል ያዘ፣ ካልሲዎቹ ቁስሉ ላይ ተጣበቁ፣ በአምስተኛው ቀን አንደኛው የዓይኑ ቆብ አብጦ ተዘጋ። ያን ጊዜ ነው በአየር ጤና በኩል ታክሲ ይዘን ቤቴል ወዳለ አንድ ክሊኒክ የሮጥነው። ሐኪሙ ካልሲዎቹን በጨው ውሃ እያራሰ አላቀቀና «ከታጠበ ስንት ቀኑ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ ምስጋና እንደምትጠብቅ ሁሉ «ከአምስት ቀን ወዲህ ውሃ የሚባል አልነካውም» አለች። ሐኪሙ፣ ችፌ ያለበት ልጅ ቆዳው ቀድሞውንም የተከፈተ በመሆኑ ጉድፍ ሲጨመርበት ቶሎ እንደሚያመረቅዝ፣ በየቀኑም ሳይታሽ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ እንደነበረበት ነገራት፤ ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ ለዓይኑም ያሰጋው ነበር አላት። ከዚያ ደረቱ ላይ ቀድመው የወጡትን በጣቱ እያሳየ፣ እነዚህ እኮ በደንብ ደርቀዋል አለ።

እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አጃ ቢጨመርበትስ?» አለችው።

«ማሳከኩን ያስታግስለታል። ማን መከረሽ?»

ሱራን አቅፋ ተነሳች። ቤት ስንገባ፣ አባቴ ሲመጣ ለማስረጃ ላሳየው ብላ ቁም ሳጥን ላይ የደበቀቻትን የእትዬ እናኑን ቋጠሮ አውርዳ ፈታቻት፣ ቆንጠር አድርጋ አፏ ውስጥ ጨመረች፣ ብዙ ጊዜ ወስዳ አኘከች። አጃ ነበር። ሳፋውን አቀረበች፣ እኔ ውሃ እያቀበልኳት ሱራን አጠበችው፤ ስታጥበው ታለቅስ ነበር።

ሱራ ዳነ። ለፋሲካ ዋዜማ እናቴ እኔን አስከትላ 18 ማዞሪያ ሄደችና «እትዬ እናኑ፣ በድዬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው «ጉድፉ ባጠፋ እኔ ተመታሁ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው» አሉና ስመዋት ተነሱ። እኔንም ሁለት ጉንጬን ሳሙኝ፤ የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ፣ ምንም አላልኩም። ፋሲካን ከእኛ ጋር ዋሉ፣ ተመልሰው ግን ከእኛ ጋር አልኖሩም፤ ቀራንዮ አንዲት ክፍል ተከራይተው በየበዓሉ ይመጡ ነበር።

ዛሬ ሱራ ከእኔ በራስ የሚበልጥ ጎረምሳ ነው፣ ከዚያ ሁሉ የቀረችው ቅንድቡ ላይ ያለች አንዲት ጠባሳ ናት፣ እሷንም በኳስ ተመትቶ ያገኛት ይመስለዋል። ሴት ልጄ ዓመት ሳይሞላት ችፌው ሲወጣባት ሐኪሟ በመጀመሪያው ቀን ማጠቡንም ቅባቱንም አስተምራ ሰደደችኝ፣ ግራ ሲገባኝም ስልክ ደውዬ እጠይቃታለሁ፤ እናቴ ያን ጊዜ በር ላይ ከቆሙት ጎረቤቶች በቀር የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። እትዬ እናኑ አርጅተዋል፣ እጃቸው ግን ገና ጠንካራ ነው። ባለፈው እሑድ ልጄን ሊያዩ መጥተው ሳለ፣ ውሃዋን ለብ አድርጌ ሕፃኗን እጃቸው ላይ አስቀምጬ ልወጣ ስል «ወዴት ነሽ?» አሉኝ።

«ፎጣ ላመጣ ነው፣ እርስዎ ይጀምሩ።»

ውሃው ጋ የደረሰችውን ልጅ መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

«ግድ የለም፣ እንጠብቅሻለን» አሉ፣ ቂም በሌለበት ድምፅ። «አንቺ ሳታዪ አላጥባትም።»

ፎጣውን አምጥቼ አጠገባቸው ቆምኩ፣ አጥበዋት እስኪጨርሱም አልተቀመጥኩም።