ለጴጥሮስ የሚላከው ፎቶግራፍ

የልጅ ልጄ ማህሌት ባለፈው ሳምንት አዲስ ካሜራ ይዛ መጣች። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ከቆርቆሮ ሣጥኔ ያወጣቻቸውን አሮጌ ኔጋቲቮች በብርሃን ላይ እየዘረጋች አንድ በአንድ በካሜራው ታነሳቸው ነበር። በመካከሉ የካሜራውን መዘውር እያሽከረከረች፣ "አባባ፣ ይሄ ኤ ነው፣ ይሄ ደግሞ ኤም። እርስዎ በየትኛው ነበር የሚያነሱት?" አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ታሪክ አለኝ። ደጋግሜ ስላወራሁት ግን አሁን አሁን እጠራጠረዋለሁ። ብዙ ጊዜ የተወራ ትዝታ እየጠራ የሚሄድ አይመስለኝም፤ ተራኪውን እየመሰለ ይሄዳል።

አርባ ምንጭ የሒሳብ መምህር ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ምናልባትም በሦስተኛው፣ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ። መዘውሩ ኤ ላይ ሲሆን ካሜራው ራሱ ብርሃኑን ለክቶ ይወስናል፤ ኤም ላይ ሲሆን ፍጥነቱንም የሌንሱን ቀዳዳም የሚወስነው ሰው ነው። መመሪያውን እያሰመርኩ አነበብኩት፤ ይሁንና ከኤ ንቅንቅ ለማለት አልደፈርኩም። በመጀመሪያው ፊልሜ የዶርዜ ሸማኔዎችን አነሳሁ። አዲስ አበባ ታጥቦ ሲመለስ ነጩ ሸማ ግራጫ፣ ፊቶቹም ከሰል ሆነው አገኘኋቸው። የዶርዜ ተወላጅ የሆነው የጂኦግራፊ መምህሩ ማርቆስ ፎቶዎቹን እያገላበጠ፣ "ፕሮፌሰር፣ ዘመዶቼን ምን አደረግካቸው?" ሲል የመምህራን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አንጀቴ አልሳቀም።

ከመስቀል በኋላ ይኸው ማርቆስ ሳይስቅ መጣ። እህቱ ዘነበች አግብታ ስለነበር የሶፌዋ ቀን ደርሷል፤ አዲስ ሙሽራ በዘመድ ታጅባ ገበያውን የምትዞርበትና ሕዝብ የሚያያት ቀን ነው። ታናሽ ወንድማቸው ጴጥሮስ ግን ሰሜን ጦር ግንባር ነበር።

"አባቴ ፎቶ እንላክለት ብሏል። የቸንቻው ፎቶ አንሺ አገሩ ሄዷል፤ ያለኸው አንተ ነህ።"

"ፊቷ ከሰል ቢሆንስ?"

"እንግዲያው ከእናቴ ጋር ተነጋገር" አለኝ።

ፊልም በከተማው አልነበረም፤ ያለኝ ተጀምሮ የቀረ አንድ ብቻ ነበር። ከጭንቀት የተነሳ ወደ ኩልፎ ወንዝ ወርጄ በሙዝ ማሳው ውስጥ ልምምድ ጀመርኩ። ፀሐይ የሞላበት አረንጓዴ ማሳ ለጉምና ለነጭ ሸማ ምን እንደሚያስተምረኝ አላሰብኩም። ቆጣሪውን ስመለከት የቀሩኝ ሦስት ብቻ ነበሩ።

በጭነት መኪና ወደ ዶርዜ ወጣን። ከታች የሙዙ ወበቅ፣ ከላይ የቀርከሃው ብርድ፤ ጣቴ ግን መንገዱን ሁሉ መዘውሩ ላይ ነበር። የማርቆስ እናት ቆጮ በዳጣ አቀረቡልኝ፤ አንዱን ጉርሻ እያላመጥኩ ቆየሁ። አባትየው አቶ ባልታ ከሸማ ዕቃቸው ሳይነሱ፣ የጨረሱትን ነጠላ ጫፍ መዳፋቸው ላይ ዘርግተው አተኩረው ያዩ ነበር።

"ምን እያዩ ነው?" አልኩ።

ማርቆስ ጠይቆ ተረጎመልኝ፦ "ነጭን ብቻውን ካየኸው ያታልልሃል፤ እጅ ላይ አድርገህ እየው ነው የሚለው።"

ራሴን ነቀነቅሁ። እውነቱን ለመናገር የሰማሁት ሰዓቴን እያየሁ ነው።

ገበያው በጉም ተውጦ ነበር። ዘነበች ጸጉሯ በቅቤ እያብረቀረቀ፣ ነጭ በለበሰ ሕዝብ ተከባ ብቅ አለች። ዙሩ አንድ ነው፤ አይደገምም። በኤ አንዱን አነሳሁ፤ የካሜራው ብርሃን መለኪያ መርፌ በዚያ ሁሉ ነጭ ተታልሎ ወደ ላይ ሲዘል አየሁት። የሸማኔዎቹ ከሰል ፊት በዓይኔ መጣ። ሁለት ቀረኝ።

"ቲቸር፣ እስክትወልድ ነው የምትጠብቀው? አለፈች እኮ!" አለ ማርቆስ።

አቶ ባልታ አጠገቤ ደርሰው በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ በሆታው መካከል አልገባኝም። ከዚህ በኋላ ያለውን ዕድሜዬን ሙሉ ሳወራ የኖርኩት እንዲህ ነው፦ መዘውሩን ወደ ኤም አዞርኩ፤ የገዛ መዳፌን ከሌንሱ ፊት ዘርግቼ በሸማው ፈንታ በእጄ ላይ ያረፈውን ብርሃን ለካሁ፤ ስደናገጥ ጣቴ አምልጦኝ አንዱን አባከንኩት፤ በመጨረሻው ዘነበች ዞር ስትል ቀጭ አደረግሁ።

ፊልሙ እስኪመለስ ስድስት ሳምንት ያህል በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ማርቆስን ሳይ መንገድ እቀይር ነበር። የመጨረሻዋ ጠርታ ወጣች፤ ያቺን ብቻ በሁለት ቅጂ አሳተምኩ። ከጴጥሮስ ደብዳቤ መጣ፦ "እህቴ ስታፍር አገጯን መደበቋን ዛሬም አልተወችም።" ከዓመታት በኋላ እሱም ተመለሰ፤ ፎቶግራፉ ኪሱ ውስጥ ጠርዙ ተበልቶ ነበር። እኔም በመዳፍ የመለካቱን ዘዴ ራሴ በሎጂክ እንደደረስኩበት እያወራሁ ለስንቱ አስተማርኩ። ለማህሌትም ያንኑ ነገርኳት።

"አባባ፣ ከሙሽራዋ በፊት ያለችው ይቺ ናት የባከነችው?" አለችና ምስሉን መስኮቱ ላይ አሳድጋ ካሜራዋን አቀበለችኝ።

መነጽሬን አደረግሁ። ያ ምስል ታትሞ አያውቅም። ከጎን የገባ አንድ መዳፍ መሐሉን ሞልቶታል፤ ከኋላው ሕዝቡ እንደ ጉም ደብዝዟል። ጣቶቹ አጫጭርና ወፋፍራም ናቸው፤ አመልካች ጣቱ ላይ የሸማኔ መወርወሪያ ለዓመታት ያጠነከረው ቆዳ ይታያል። የእኔ ጣቶች ረጃጅም ናቸው፤ ያኔም ከጠመኔ በቀር ሌላ አያውቁም ነበር።

"የእርስዎ እጅ ነው?"

ከአቶ ባልታ ጋር ከዚያ በኋላ ስንት መስቀል አሳልፈናል፤ ስንት ጊዜስ እሳቸው ባሉበት ይህን ታሪክ በማርቆስ አስተርጓሚነት አውርቻለሁ? አንድ ቀን እንኳ አላቋረጡኝም። ያስታውሱ ነበር ወይስ እሳቸውም ረስተውት ነበር? የምጠይቃቸው ዛሬ የሉም።

"አይደለም" አልኳት።

ማህሌት መዘውሯን ኤም ላይ አድርጋ ሌንሱን ወደ እኔ አዞረች። "እሺ፣ እስቲ መዳፍዎን ይዘርጉልኝ።"

መዳፌን ከመዘርጋቴ በፊት የዚያን እጅ ባለቤት፣ የአቶ ባልታን ስም ነገርኳት።