ዘፈን የማያሳየው ቪዲዮ ቤት

ልጅ እያለሁ ሰባተኛ ሰፈር፣ ከግቢያችን ጀርባ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቤት ማለቴ ለወጉ ነው። ቆርቆሮ የለበሰች ጠባብ ክፍል፣ የእግርና የሲጋራ ሽታ፣ ሲነሱ ልብስ ይዞ የሚያስቀር አግዳሚ ወንበር፣ በቃ። ባለቤቱ ጋሽ ተካ ግን ራሱን በራሱ የሲኒማ ሊቅ አድርጎ የሾመ ሰው ነበር። ሪሞቱን እንደ ከዘራ ጨብጦ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና ፊልሙን በአማርኛ ይተረጉምልናል። እንግሊዝኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ የቀረውን ከጭንቅላቱ ይሞላዋል። የህንድ ፊልም ላይ ዘፈን ሲጀመር ደግሞ "ይሄ ታሪክ የለውም" ብሎ ያሳልፈዋል። ተመልካቹም ሰው ሲፈነከት ለማየት የመጣ ስለሆነ "እለፈው!" እያለ ያፏጫል። ለእንዲህ ያለ ተመልካች እንዲህ ያለ ሊቅ አያንሰውም።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በርበሬ ተራ ቅመም ይቸረችሩ ነበር። ለመጠቅለያ ብለው በኪሎ ከሚገዙት አሮጌ ወረቀት መሃል አንድ መጽሐፍ አገኘሁ፤ ከፈረንሳይኛ የተተረጎመ፣ የድሮ ዘመን ታሪክ። አንዲት ሴት ጨው በድብቅ ስታሻግር ትያዝና ትታሰራለች። ("ኮንትሮባንድ ነዋ!" አሉ እትዬ አስካለ፣ ወዲያው ገብቷቸው።) ስትፈታ፣ ለሰው ሰጥታት የነበረችውን ልጇን ፍለጋ አገር ለአገር ትንከራተታለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ኮረሪማ እየፈለፈሉ እኔ አነብላቸው ነበር። ዛሬም ኮረሪማ ሲሸተኝ ትዝ የምትለኝ ፈረንሳይ ናት።

እትዬ አስካለ ታሪኩን እንዲሁ አልነበረም የሚያዳምጡት። እናቴ በሹክሹክታ እንደነገረችኝ፣ በወጣትነታቸው ሰው ቤት ሲሠሩ የወለዷትን ሴት ልጅ መውለድ ላልቻሉ የአዳማ ባልና ሚስት ሰጥተዋል። አድራሻዋን በሰው በሰው አግኝተው፣ ቀሚስ እንኳ ገዝተውላት፣ መሄዱን ግን ፈርተው ተቀምጠው ነበር። "ያቺ ሴትዮ ልጇን ካገኘች እኔም እሄዳለሁ" አሉኝ አንድ ቀን። ችግሩ መጽሐፉ መጨረሻ አልነበረውም። እኔ ሳላገኘው በፊት እሳቸው ራሳቸው ከኋላ በኩል እየገነጠሉ እርድ ጠቅልለውበታል።

ጋሽ ተካ በሩ ላይ የጨው ጆንያ የተሸከመች ሴት ፎቶ ሲለጥፍ ታዲያ መጽሐፉ ፊልም ሆኖ መጣልን ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። እሁድ ከሰዓት እትዬ አስካለን እየጎተትኩ ወሰድኳቸው። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ከፊት ተቀመጡ። ፊልሙ ጀመረ፤ ሴትየዋ አፏን ከፍታ ዘፈነች። ጋሽ ተካ አሳለፈው። ወታደሩ ዘፈነ፤ አሳለፈው። ዳኛው ፍርዱን በዜማ ሲጀምር "ደሞ ይሄ ምን ዓይነት ዳኛ ነው!" ብሎ እሱንም አሳለፈው። ሰዎቹ የሚነጋገሩት በዘፈን መሆኑ፣ ታሪኩ ያለው እዚያው ዘፈኑ ውስጥ መሆኑ ለዚያ ደንቆሮ አልታየውም። ከሁለት ሰዓት በላይ የሆነው ፊልም በሩብ ሰዓት ተጠናቀቀ። መጨረሻ ላይ ያየነው ነጭ ለብሳ የተጋደመች ልጅ፣ ዙሪያዋን ሻማ፣ ከዚያ የስም ዝርዝር ነው። ተመልካቹ "ድብድብ የለውም እንዴ?" ብሎ አጉረመረመ እንጂ ሌላ የጎደለበት ነገር አልነበረም።

እትዬ አስካለ እጄን ጭምቅ አድርገው "አገኘቻት?" አሉኝ።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ግን ከክፍሌ አንደኛ የምወጣ፣ እንግሊዝኛ ትችላለች የምባል ልጅ ነበርኩ፤ አላውቅም ከምል ብሞት ይሻለኝ ነበር። "አላገኘቻትም፤ ልጅቷ ሞታለች" አልኳቸው። እጄን ለቀቁኝ። በማግስቱ ያንን ቀሚስ ለእናቴ ሰጧት፣ ልጅሽ ስታድግ ትለብሰዋለች ብለው።

ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ጋሽ ተካ ሆኗል። መሥሪያ ቤት አብራኝ የምትሠራ ልጅ ያንኑ ፊልም ቲክቶክ ላይ በአንድ ደቂቃ አይታው "አለቀስኩ" ስትለኝ ሳቄ መጣ። በአንድ ደቂቃ ምኑ ይለቀሳል? እኔ ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብዬ አንድም ዘፈን ሳላሳልፍ አየሁት። የሴትየዋ ልጅ አልሞተችም። ታማ ነው የተጋደመችው፤ እናቷ አጠገቧ ተንበርክካ ማንነቷን ትነግራታለች፣ ልጅቷም ዓይኗን ትገልጣለች። ጋሽ ተካን ዕድሜ ልኬን ስንቀው ኖሬያለሁ፤ እሱ ግን ያሳለፈው ዘፈን ብቻ ነው። እኔ በባዶ ሜዳ ሰው ገደልኩ።

እትዬ አስካለ አሁን ሰፈራችን ላይ የተሠራው አዲስ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ይቅር ይበሉኝም አልኳቸው። አተኩረው አዩኝ።

"አንቺን ብዬ የምቀር መሰለሽ? በዓመቱ ሄድኩ እኮ። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ፤ ቁርጥ እኔን። 'ማንን ፈልገው ነው?' አለችኝ። ቤት ተሳስቼ ነው ብያት ተመለስኩ።"

እሳቸው ሚዛኑን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ።

"የፊልሟ ሴትዮ ግን እንዴት አድርጋ ነገረቻት?" አሉኝ።

"በዘፈን" አልኳቸው።

"ታድላ" አሉ እትዬ አስካለ። "እኔ ድምፄ እንቢ አለኝ።"