ሦስት ሆነን ነው የምንሄደው

ላውንደሪው ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። ከውስጥ ሆኖ በመስኮቱ ለሚያይ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው፤ ጫማ ይመጣል፣ ጫማ ይሄዳል። ልብስ ተኳሿ ከዚያ መስኮት ሥር ካውያዋን እንደ ጨበጠች ግማሽ ዕድሜዋን ቆማለች። የሰፈሩን ሰው ከፊቱ ይልቅ በእግሩ ነው የምታውቀው። ተረከዙን የሚጎትተው ሰዓት ሠሪው ነው። ሰው እንደሚያባርራት የምትከንፈው ነርሷ ናት። አንዳንድ ቀን ግን የማታውቀው ጫማ፣ ጎማው የሚንኳኳ ሻንጣ አስከትሎ ያልፋል። ያን ጊዜ እጇ ሸሚዙ ላይ ይቆማል። ሻንጣው ጥጉን እስኪዞር በጆሮዋ ትሸኘዋለች፣ «ሄደ» ትላለች ለራሷ፣ ከዚያም ሥራዋን ትቀጥላለች።

ከእሷ ጋር ሁለት ሴቶች ይሠራሉ። አጣቢዋ በበሩ ስትገባ ጎንበስ የምትል ረጅም ሴት ስለሆነች ቀጭኔ ትባላለች። አጣጣፊዋ ደግሞ ጉንጯ የሕፃን ልጅ ጉንጭ ስለሚመስል ድንቡሼ ናት፤ ልጆች ወልዳ ካሳደገችም በኋላ ድንቡሼነቷ አልለቀቃትም። ተኳሿን ሁለቱም «ሹፌሯ» እያሉ ነው የሚጠሯት።

ላውንደሪው በብዛት የሚያጥበው የሆቴል አንሶላ ነው። የሆቴል አንሶላ ሰፊ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ላጥፈው ቢል ጫፉ ወለል ይነካል፣ ወለል የነካ ደግሞ ተመልሶ ይታጠባል። ስለዚህ ሥራው ሁልጊዜ የሁለት ሰው ነው። ቀጭኔና ድንቡሼ ጫፍና ጫፉን ይይዛሉ፣ እስኪወጠር ድረስ ወደ ኋላ ይራራቃሉ፣ አንዴ ያራግፉታል፣ ከዚያ ፊት ለፊት እየተያዩ ይቀራረባሉ። እጅ ለእጅ ሲነካኩ አንድ እጥፋት አለቀ ማለት ነው።

ግድግዳው ላይ አንድ የጉዞ ወኪል የሆነ ደንበኛ ያመጣው ካላንደር ተሰቅሏል። ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ሥዕሎቹ ግን አላለፉም። በየገጹ አንድ የአውሮፓ ከተማ አለ። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ድንቡሼ አንሶላዋን እንደ ያዘች የመጀመሪያውን ገጽ ትኩር ብላ አየችና፣

«ይኼ ከተማ ውሃው ላይ ነው የተሠራው ወይስ ውሃው ነው በኋላ የመጣበት?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ» አለች ቀጭኔ።

«ሄደን እንጠይቃቸዋ!» አለች ተኳሿ፣ የካውያዋንም እንፋሎት ለቀቀችው። ሊነሳ እንዳለ ባቡር ፉፍ አለ።

ጉዞው የተጀመረው እንዲሁ ነው። ከዚያ ወዲህ አንሶላው ሲወጠር ባቡሩ ይነሳል፣ እጅና እጅ ሲገናኝ ባቡሩ ይደርሳል። ተኳሿ እንፋሎቷን እየለቀቀች የከተማውን ስም ትጠራለች። የማጠቢያ ማሽኖቹ ከሥር ይጉረመረማሉ፣ ወለሉ በቀስታ ይንቀጠቀጣል፤ በመስኮቱ የሚያልፉት ጫማዎች ቆመው እነሱ የሚሄዱ ይመስላቸዋል። ያው አንሶላ ቬኒስ ላይ ውሃ ነው፣ ተራሮቹ ሥር በረዶ ነው፣ ሊዝበን ላይ የጀልባ ሸራ ነው። ፓሪስ ሲደርሱ ድንቡሼ ሁልጊዜ አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ እዚያ ሰው ያያታል ብላ ታስባለች። ቀጭኔ አቴንስን አትወድም። «ሁሉም ነገር የፈረሰ ነው፣ ቤታችን መች ጠፋ» ትላለች። ተኳሿ ግን የምትወደው ከከተማ እስከ ከተማ ያለውን ነው፤ አንሶላው ተወጥሮ፣ ገና ማንም የትም ሳይደርስ ያለችውን ቅጽበት።

መንገዱን የሚያውቁት በካላንደሩ ቅደም ተከተል ነው። ከቬኒስ ቀጥሎ አምስተርዳም፣ ከፓሪስ ቀጥሎ አቴንስ። ገጽ መግለጥ ብቻ ነው። የላውንደሪው ባለቤት አንድ ቀን ሰምቷቸው፣

«አቴንስ እኮ በዚያ በኩል አይደለም» አላቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሄደው ያውቃሉ?» አለችው ቀጭኔ።

«ኧረ እኔ የት አውቄ።»

«እንግዲያው ይተዉን። እኛ በየቀኑ ነው የምንመላለሰው።»

አንድ ሕግ አላቸው፤ ሦስቱም ካልተሟሉ ባቡሩ አይነሳም። ቀጭኔ ወገቧን አሟት የተኛች ጊዜ ድንቡሼ ከባለቤቱ ጋር ስታጥፍ ሰነበተች፤ እንፋሎት ግን አልወጣም፣ የከተማ ስም አልተጠራም። ቀጭኔ ስትመለስ ድንቡሼ በሩ ላይ ተቀበለቻት። «አንቺን ስንጠብቅ ፕራግ ላይ ብርድ ጨረሰን! ካፖርት እንኳ አልያዝን።»

ተኳሿ አንድ ልጅ አላት። ብዙ ዓመት ሆነው ከአገር ከወጣ። የሚኖረው እዚያው አውሮፓ ነው፤ ግን ካላንደሩ ላይ የሌለች፣ ዳቦ ቤት ውስጥ የሚሠራባት ትንሽ ከተማ ውስጥ። ሚስት አግብቶ ሴት ልጅ ወልዷል። በስልኩ መስታወት ላይ ሕፃኗ እጇን ስትዘረጋ ተኳሿ ሳታውቀው እሷም እጇን ትዘረጋለች፣ ስልኩም ይወድቃል።

አንድ እሑድ ልጇ ደወለላት።

«እማዬ፣ ግብዣውን ልኬልሻለሁ። እኔ ጋ ያለው ሁሉ አልቋል። አንቺ ኤምባሲ ሄደሽ ለጥያቄ መቅረብ ብቻ ነው የቀረሽ።»

«ምን ይጠይቁኛል?»

«ቀላል ነው። እውነቱን መናገር ነው።»

በጣም ደስ አላት። ለጓደኞቿ ግን አልነገረችም። ልትነግራቸው ብዙ ጊዜ አፏን ከፍታለች፤ ካውያዋን ሁሉ አስቀምጣ ዞራለች። ግን ያን ሰዓት እነሱ አንሶላቸውን ወጥረው «ሹፌሯ፣ ንጂው እንጂ!» ሲሏት፣ ሰውን መሐል መንገድ ላይ አውርዶ እንደ መሄድ ይሆንባታል። የመግቢያ ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ እነግራቸዋለሁ አለች። ለባለቤቱ ጥርሴን አሞኛል ብላ ግማሽ ቀን አስፈቀደች።

ኤምባሲው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ወዲያ አንዲት የውጭ አገር ሴት፣ አጠገቧ ደግሞ አንድ ወጣት አስተርጓሚ ተቀምጠዋል። ልጁ ትሑት ነው።

«እማማ፣ የሚሄዱት ከማን ጋር ነው?»

ስለዚህ ጥያቄ አስባ አታውቅም። አፏ ግን ስንት ጊዜ የተመላለሰበት መንገድ ነበርና በራሱ ሄደ።

«ሦስት ሆነን ነው የምንሄደው።»

ሴትዮዋ ሲተረጎምላት ቀና አለች። ማመልከቻው ላይ ያለው አንድ ሰው ነው።

«እነማን እነማን ናችሁ?» አለ ልጁ።

«እኔ፣ ቀጭኔና ድንቡሼ።»

ልጁ ይህን እንዴት አድርጎ እንደ ተረጎመው እሱ ይወቅ፤ ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የት የት እንደሚሄዱ ጠየቀቻት። ተኳሿ «መጀመሪያ ቬኒስ» ብላ ጀመረች። ከዚያ አምስተርዳም፣ ከዚያ ተራሮቹ፣ ፓሪስ፣ አቴንስ። መቆም እንዳለባት ገብቷታል፤ ግን ወሬው ሞቋት ነበር፣ ማሽኖቹ ከእግሯ ሥር የሚጉረመረሙ መስሏት ነበር። ሊዝበን ላይ ጨረሰች። የልጇን ከተማ ረስታት አልነበረም። ካላንደሩ ላይ ስለሌለች ተራዋ ሳይደርስ ቀረ።

ፈቃዱን ከለከሏት። የጉዞዋ ዓላማ ግልጽ አይደለም አሏት።

ከቀትር በኋላ ሥራ ገባች። አንሶላው ተወጠረ፤ እንፋሎት ግን የለም።

«ሹፌሯ፣ ምነው?» አለች ቀጭኔ። «ጥርስሽን ነው የነቀሉሽ ምላስሽን?»

ያን ጊዜ ነገረቻቸው። ፊቷን ወደ ሸሚዙ እንዳደረገች፣ ካውያውን እየገፋች፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ድንቡሼ ጫፏን ለቀቀችው። አንሶላው ወለል ላይ ተዘረጋ፤ ማንም አላነሳውም።

«ልትሄጂ ነበር?» አለች ድንቡሼ።

«ልጄን ላየው ነበር።»

«ልጅሽን ማየትሽንማ ማን ጠላ? ሳትነግሪን ነው እንጂ! እኛ ምንሽ ነን?»

ቀጭኔ ግን ሌላ ነገር ይዟት ቆይቶ ነበር። «ቆይ ቆይ። እዚያ መስታወቱ ፊት ‹ቀጭኔ› ብለሽ ጠራሽኝ?»

«አዎ።»

«ለፈረንጇ?»

«ሌላ ምን ልበል? ከአፌ አመለጠኛ!»

ቀጭኔ ሳቋ ከሆዷ ተነሣ። ድንቡሼ ኩርፊያዋን ይዛ ልትቆይ ሞከረች፤ ጉንጯ ግን ከዳት። «አራዊት ይዛ ልትገባ ነው ብለው ነዋ የከለከሏት!» አለችና ማሽኑ ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ተኳሿም ከጧት ጀምሮ የያዛት ነገር ለቀቃት፤ ሦስቱም ያንን አንሶላ ከበው ሳቁ። መጀመሪያ ያቆመችው ድንቡሼ ናት።

«እንግዲህ የልጅ ልጅሽን ያሳጣንሽ እኛ ነን ማለት ነው» አለች።

ቀጭኔ ጎንበስ ብላ አንሶላውን አነሣችና ወደ ማጠቢያው መለሰችው።

ልጇ ሲደውል የሆነውን ነገረችው፤ ተቆጣ። «እማዬ፣ ቀጭኔ ማናት?» አለ። ከዚያ እንደገና ማመልከት እንደሚቻል ነገራት፤ ይኼኛው ከተበላሸ ግን ሌላ ጊዜ ማሰብ ከባድ ነው አላት።

ለጥያቄው ያሠለጠኗት ቀጭኔና ድንቡሼ ናቸው። ቀጭኔ ከተሰቀሉት ሸሚዞች ጀርባ ትቆማለች፣ በሁለት እጅጌ መሐል ፊቷን ብቅ ታደርጋለች። መስታወቱ እሱ ነው።

«እማማ፣ ከማን ጋር ነው የሚሄዱት?»

«ከ... ብቻችንን።»

«ብቻችንን ብሎ ነገር ምንድን ነው? እንደገና!»

«ሦስ...»

«ኧረ በሕግ! ሰው ብቻዬን ማለት ያቅተዋል?»

ያቅታል። ብቻዬን ካለች በኋላ ዞር ብላ ብታይ የማታገኛቸው ይመስላታል፤ ይህን ደግሞ ለሰው ማስረዳት አይቻልም። የባሰች ጨካኝ ድንቡሼ ሆነች። አንሶላ ሲያጥፉ ሳይታሰብ ታፈጥጥባታለች፤ ቡትቶ ስትለቅም፣ ቁልፍ ስትተክል፣ በር ስትዘጋ ትጠይቃታለች። የከተማ ስም መጥራትም ተከለከለ። «እስክትማሪ ባቡር የለም» አለቻት። ቀኖቹ ደረቁ። አንሶላው አንሶላ ብቻ ሆነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹ ዙራቸውን ጨርሰው ጸጥ ባሉበት ድንቡሼ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«ከማን ጋር ነው የሚሄዱት?»

«ብቻዬን ነኝ» አለች ተኳሿ።

ጥርት ብሎ ወጣ። ክፍሉ ባዶ ይመስል ቃሉ ግድግዳውን ነክቶ ተመለሰ። ከሸሚዞቹ ጀርባ የቀጭኔ ረጅም እጅ ብቅ ብሎ የአንዱን ሸሚዝ ኮሌታ አስተካከለ። ድንቡሼ «ጎበዝ» አለች፣ «ጎበዝ የኔ እናት» አለች፣ ከዚያ የምታወጣው ልብስ ሳይኖር ወደ ማድረቂያው ክፍል ገባች።

በሁለተኛው ጊዜ ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው ሽማግሌ ሰው ነው። የልጅ ልጇን ስም ጠየቃት። መቼ እንደምትመለስ ጠየቃት። እሷ ስትሄድ ሥራዋን ማን እንደሚይዝላት ጠየቃት፣ እሷም «የሚጠብቁኝ አሉ» አለችው። ወረቀቱን አንዴ አገላበጠና ተፈቅዶልዎታል አላት።

ስትወጣ ሁለቱም ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል። የሥራ ልብሳቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ፈቀዱልኝ።»

ተቃቀፉ። መንገደኛው ዞሮ እስኪያይ ድረስ ተቃቀፉ።

«አልሽው?» አለች ቀጭኔ ቀስ ብላ።

«አልጠየቀኝም።»

«ከማን ጋር እንደምትሄጂ?»

«ጭራሽ አላነሣውም።»

ትንሽ ተራመዱ። መንገዱ ላይ ሆነው ሲያዩት ሰው ሁሉ ፊት አለው፤ ተኳሿ ይህን ለማየት ጊዜ አልነበራትም። ድንቡሼ ድንገት፣

«አውሮፕላኑ ላይ መስኮቱ ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ እንቅልፋም! ገና ሳይነሣ ታንኮራፊያለሽ። እኔ ነኝ።»

«አንቺማ እግርሽ የት ይገባል? ለአንቺ መተላለፊያው ጋ ነው የሚሻልሽ።»

«ሹፌሯ ትፍረደና!»

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። ቲኬቱ የአንድ ሰው መሆኑን ሦስቱም ያውቃሉ። እሷ ግን ቆማ የምር አሰበችበት።

«ስንሄድ ድንቡሼ ትሁን፣ ስንመለስ ቀጭኔ።»

«አንቺስ?»

«እኔ መሐል።»

«መሐል ይጠብሻል» አለች ድንቡሼ።

«ግድ የለም» አለች ተኳሿ፣ ሁለቱንም በክንዳቸው ይዛ። «እችለዋለሁ።»