ቅቤ የተቀባው ሞተር

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ የጀልባ ሞተር ነበረ። ሐይቅ ቀርቶ ወንዙ እንኳ ክረምት ካልመጣ በማይሞላበት የቡታጅራ ዳር ሰፈር፣ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከመሀል ምሰሶው ጋር በገመድ ታስሮ ይኖር ነበር። ያኔ በየሰዉ ቤት አንድ አንድ የጀልባ ሞተር ያለ ይመስለኝ ስለነበር፣ ጎረቤት ገብቼ ምሰሶው ባዶውን መቆሙን ሳይ ከልቤ አዝኜላቸዋለሁ።

ሞተሩ የአባባ ሸምሱ ነው። አባባ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ወላጆቼን በሕፃንነቴ ስላጣሁ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ዝዋይ ሐይቅ ላይ የአንድ ነጋዴ ጀልባ ይነዱ ነበር። ጀልባዋ አርጅታ ስትሰባበር ነጋዴው ሞተሩን ለማስታወሻ ሰጣቸው፤ እሳቸውም አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭነውት ወደ አገራቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ በርበሬና በቆሎ እያረሱ ኖሩ እንጂ ውሃ ላይ ተመልሰው አልወጡም።

ወደ ውሃው የሚመለሱት ማታ ማታ ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ራት ተበልቶ እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድና የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን ሲለበልበው፣ እኔና ልጆቻቸው ምሰሶው ሥር ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ተረታቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። ከደሴቱ ምጥ የያዛት ሴት ይጭናሉ፤ ሐይቁ መሀል ሲደርሱ የከሰዓቱ ንፋስ ይነሳል፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ሲንጣት ሞተሩ ድንገት ፀጥ ይላል። እዚህ ላይ አባባም ፀጥ ይላሉ። ከግርግዳው ወዲያ ላሟ ስታመሰኳ ብቻ ይሰማል። ከዚያ የማይታየውን ገመድ በሙሉ ክንዳቸው ይስባሉ፣ ያስላሉ፣ ደግመው ይስባሉ፣ በመጨረሻ ጉንጫቸውን ነፍተው «ቡ… ቡ… ቡቡቡቡቡ» ሲሉ ምራቃቸው ፊታችን ላይ ይረጫል። ማናችንም አንጠርገውም፤ የሐይቁ ውሃ ነዋ!

«ሴትየዋስ?» እንላለን፣ መልሱን እያወቅን።

«ደረሰች። በሰላም ደረሰች፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉና ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል።

በየዓመቱ አረፋ ሲደርስ ሞተሩን ከቅጠሉ አውጥተው ቅቤ ይቀቡታል። በእኛ አገር ከሩቅ የመጣ ዘመድ አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለት የለም? እንደዚያው ነው። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ «ለብረት እኮ ዘይት ነው የሚሻለው» ቢላቸው «ዘይት ለብረት ነው፤ ይሄ ቤተሰብ ነው» አሉት። 

ከዚያ አደግንና ተበተንን። ከልጆቻቸው አንዱ አዲስ አበባ ሱቅ ከፈተ፤ ሁለቱ ሴቶች ዓረብ አገር ሄዱ። እኔ ሞያ ተምሬ ወልቂጤ የመስኖ ፓምፕ ጥገና ገባሁ። ቀን ከገበሬና ከጩኸት ጋር እውልና ማታ የተከራየኋትን ክፍል በር ስከፍት «መጣሽ?» የሚለኝ የለም። ያኔ ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ የአባባ ቤት ዝምታ ይሰማኝ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ እዚያም «መጡ?» የሚል አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአረፋ በአገና በኩል በሚኒባስ ሄድኩ። ሌላ ማንም አልመጣም ነበር። ልጆቻቸው ተራ በተራ ደወሉ። አባባ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ?» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ»። ትንሿ ልጃቸው ከወዲያ እያለቀሰች እንደነበር እኔ አጠገባቸው ሆኜ እሰማለሁ። እሳቸው እየሳቁ «እናንተስ?» አሏት።

ስልኩ ሲዘጋ ወደ ምሰሶው እያዩ እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው ተናገሩ፦ «ግራ ጆሮዬ ሞቷል፣ ልጄ። የሞተሩ ጎን የነበረው እሱ ነው። ቀኙም ሊከተለው ነው። ሳይዘጋ በፊት አንድ ጊዜ ልስማው። ታስነሺልኛለሽ?»

«ኢንሻአላህ» አልኩ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ። 

ቅጠሉን ስገልጠው ሞተሩ እንደ ሙሽራ ያበራል። ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ የስንት አረፋ ቅቤ በየስንጥቁ ሰርጎ፣ ቤንዚን የሚመጥነው ካርቡሬተር ውስጥ ገብቶ፣ የማስነሻ ገመዱን መዘውር ይዞ እንደ ሰም ደርቋል። የበዓሉን ሰሞን በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ ስፍቀው ሰነበትኩ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ በብርጭቆ ወረቀት ወለወልኩ። ውሃ ስቦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ጎማ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ከአሮጌ ፓምፕ ያወለቅሁትን ቆርጬ አስተካከልኩለት። ብረቱን በእሳት ሳሞቀው ግቢው በተነጠረ ቅቤ ሽታ ታወደ። ጎረቤታችን ዘሀራ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ወላሂ፣ ክትፎ እየበላችሁ ነው ዝም ያላችሁት!» አለች። ክትፎ እንዳልሆነ ስታይ የሳቀችው ሳቅ አሁንም ይሰማኛል። በዚያ ሰሞን እኛ ጋ ከልብ የተሳቀው ያ ብቻ ነበር።

የጀልባ ሞተር በደረቅ አይነሳም። በርሜል ፈልጌ፣ በአህያ ጋሪ ውሃ አስመጥቼ ሞላሁና ሞተሩን በሳንቃ ላይ አጥብቄ ጭራውን ውሃው ውስጥ ነከርኩት። በትንሽ ጠርሙስ ቤንዚንና ዘይት ቀላቅዬ ሰጠሁት። አባባ የጁምዓ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ለመስማት እንዲመቻቸው ዓይናቸውን ጨፈኑና መዳፋቸውን ከቀኝ ጆሯቸው ጀርባ አደረጉ።

ገመዱን ሳብኩ። ምንም። ሳብኩ፣ አሳለ። ደግሜ ስስበው ተነሳ! በርሜሉ ተንቀጠቀጠ፣ ውሃው እየፈላ ደጁ ላይ ፈሰሰ፣ ዶሮዎቹ ወደ እንሰቱ ውስጥ ተበተኑ። እኔ በደስታ እየዘለልኩ «ተነሳ! አባባ፣ ተነሳ!» እያልኩ ዞርኩ።

ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው። መዳፋቸው እንደተዘረጋ ነው።

«ይነሳል፣ ልጄ» አሉኝ። «አትቸኩዪ።»

 የተቃጠለው ቅቤ ሽታ አፍንጫቸው ሲደርስ ዓይናቸውን ገለጡ። የሚፈላውን ውሃ አዩ፣ ጭሱን አዩ፣ የእኔን ፊት አዩ። መዳፋቸው ከጆሯቸው ቀስ ብሎ ወረደና ጉልበታቸው ላይ አረፈ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዘግይቼ አላውቅም።

 ከዚያ ተመልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የማይታየውን ገመድ በሙሉ ክንዳቸው ሳቡ፣ አሳሉ፣ ጉንጫቸውን ነፉና «ቡ… ቡ… ቡቡቡቡቡ» ማለት ጀመሩ። ሞተሩ በበርሜሉ ውስጥ፣ እሳቸው በበርጩማው ላይ። ጠርሙሱ አለቀና ሞተሩ ቆመ። እሳቸው አልቆሙም። እኔም እንደ ልጅነቴ እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ምራቃቸው ፊቴ ላይ ሲረጭ አልጠረግሁትም። ሲጨርሱና ዓይናቸውን ሲገልጡ፣ ከከንፈሬ እንዲያነቡት አፌን በደንብ ከፍቼ «ሴትየዋስ?» አልኳቸው።

«ደረሰች» አሉ። «በሰላም ደረሰች።»

አባባ ዛሬ የሉም። ሞተሩ ወልቂጤ፣ ክፍሌ ውስጥ፣ አልጋዬ ራስጌ ቆሟል። ፓምፕ ሊያሠሩ እስከ ቤቴ የሚመጡ ደንበኞች በበሩ አይተውት «ይሠራል?» ይሉኛል። ይሠራል። ግን አላስነሳውም፤ ድምፁ በየቀኑ ከምጠግናቸው ፓምፖች ድምፅ አይለይም። እኔ የማውቀው ሞተር የሚነሳው በአባባ አፍ ነበር፤ አሁን ያን ድምፅ በሐሳቤ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ቅቤ ለሞተር ምን እንደሚያደርግ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ በየዓመቱ የተቀባውን የሦስት ጣት ቅቤ ለማውጣት ስንት ዕቃ እንደፈታሁ አልረሳሁም። አረፋ ሲደርስ ግን፣ በሩን ዘግቼ፣ እቀባዋለሁ።