ወርቅውሃና የጉምቦው ቤት

ወርቅውሃ ጁባ የገባችው መንገድ ልትሠራ ነው። ደሴ ላይ ኮንስትራክሽን ተምራ፣ ወሎና አፋር ውስጥ በመንገድ ሥራ አፈር መርማሪ ሆና ዓመታት ካሳለፈች በኋላ፣ ቀጣሪዋ ደቡብ ሱዳን ሥራ ሲያገኝ አብራ ሄደች። ባሏ ጫኔ ተከትሏት መጣና ኮንዮኮንዮ ገበያ አጠገብ ምግብ ቤት ከፈተ። የሚያውቋቸው ሐበሾች ግን ነገሩን ገልብጠው፣ ጫኔ ምግብ ቤት ከፍቶ ሚስቱን እንዳስመጣ አድርገው ያወሩ ነበር። ማረሙ ሲሰለቻት ተወችው።

በታኅሣሥ 2006 ከተማው ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ባልና ሚስቱ ከምግብ ቤቱ ጓዳ ሳይወጡ ከዱቄት ጆንያ ጀርባ ተኝተው አሳለፉት። ተኩሱ በረድ ሲል ቀጣሪዋ ማሽኖቹን ግቢ ውስጥ ቆልፎ አገር ለቆ ነበር። ጫኔ እንውጣ አላለም፤ እሷም አላለችም። አዲስ አበባ የሚጠብቃቸው ቤት የለም፤ ያፈሩት ሁሉ ያለው ጁባ ነው።

ቤት መመርመር የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው። የብዙ ቤት ጣራ በጥይት ተበሳስቷል፣ የውሃ ታንከሩ ፈሷል። አከራዮች ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፍነው፣ ቀለም ቀብተው ያከራያሉ፤ ዝናቡ ሲመጣ ተከራዩ ከነዕቃው ይርሳል። ይህ የደረሰበት አንድ የጫኔ ደንበኛ፣ “ቀጥሎ የምገባበትን ቤት አንቺ እዪልኝ” አላት። አየችለት። ከዚያ ወሬው ከነጋዴ ነጋዴ ተዛመተ፤ ቤት የሚፈልግ ሁሉ እሷን ይዞ መሄድ ጀመረ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ደላላ በጣም ጥሩ ቤት አሳያት። መሠረቱ ጤነኛ፣ ጣራው ያልተነካ። ጓሮውን ስትዞር ገመድ ላይ የልጆች ልብስ እንደተሰጣ ቀርቶ፣ ፀሐይ ቀለሙን ጨርሶት አየች።

“ቤቱ የማን ነው?” አለችው።

“የድሮዎቹ።”

“የት ሄዱ?”

ደላላው ትከሻውን ሰበቀ። ወርቅውሃ ለደንበኛዋ፣ ቤቱ ምንም እንከን የለውም ግን አትግባበት አለችው፤ ለምን ሲላትም ስለ ልብሱ ነገረችው። ሰውየው አዳምጧት ሲያበቃ ቤቱን ተከራየ። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት ሳትነጋገር ቤት መርምራ አታውቅም።

ከዋኒ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የካቲት 2007 ላይ ሐቢብ የሚባል ነጋዴ ሊያናግራት መጣ። ሐቢብ ጁባ ታውን ውስጥ ጨርቅና የፕላስቲክ ዕቃ በጅምላ ያከፋፍላል፤ የሚያድረው ሱቁ ውስጥ ነው። ባለቤቱን ሀይፋንና ሴት ልጆቹን ከድሬዳዋ ሊያመጣ አስቦ ከወንዙ ድልድይ ማዶ፣ ጉምቦ በሚባል ሰፈር፣ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት አግኝቷል። “ልቤ ወዶታል” አላት። “አንቺ አይተሽ እሺ ካልሽኝ ነገውኑ እይዘዋለሁ።”

በቦዳ ሞተር ብስክሌት ድልድዩን ተሻግረው ሲደርሱ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ረዥም ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። “እንደምን አደሩ፣ እትዬ” አለ፣ የቄራ ልጅ በሚመስል አማርኛ። ዋኒ ይባላል፤ ብሔሩ ባሪ ነው። በሕፃንነቱ እናቱ አዝለውት ከጦርነቱ ስለሸሹ ጋምቤላ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አድጎ፣ በኋላ አዲስ አበባ ግንበኛ ሆኗል። ሰላም ሲወርድ እናትና ልጅ ወደ አባቱ መሬት ተመልሰው፣ ብሎኬቱን ራሱ እያመረተ፣ ግድግዳውን ራሱ እየገነባ ይህን ቤት ሠራ። አሁን ከክፍሎቹ አብዛኞቹን አከራይቶ በቀሪው ከእናቱ ጋር ሊኖር ነው ሐሳቡ።

ወርቅውሃ ቤቱን በዝምታ ዞረችው። ግንባታው የባለሙያ እጅ እንዳረፈበት ያስታውቃል፤ ማዕዘኖቹ ልክ ናቸው፣ ልስኑ ያልተስተካከለበት ቦታ የለም። ግን ከግድግዳዎቹ መሀል አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። በመዳፏ ስትዳብሰው ከቀለሙ ሥር እንደ ደረጃ የሚወርድ ስንጥቅ ተሰማት። የበሩ ታችም ተልጓል።

“ይሄን በር ለምን ላግከው?”

“በክረምት ያብጣል፣ እትዬ።”

“እርጥበት ቢሆን ዙሪያውን ያብጥ ነበር። ይሄ በአንድ በኩል ብቻ ነው የታሸው።”

ውሃ እንዲያመጣላት ጠየቀችው። ጆግ ውሃ ተቀብላው ወለሉ ላይ አፈሰሰችው። ውሃው ትንሽ ቆመና መንገድ የሚያውቅ ይመስል በሰሜን በኩል ወዳለው ጥግ ሄዶ ተጠራቀመ። ሐቢብ ውሃውን አየ፤ ከዚያ ወርቅውሃን አየ።

ውጭ ወጥታ ከበረንዳው ጎን በብረት ማማ ላይ የተሰቀለውን የውሃ ታንከር አልፋ ሄደች። ከግቢው በላይ በኩል ያረጁ ማንጎዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሰልፉ ግን ግቢው መሀል ሲደርስ በድንገት ይቋረጣል። ከዚያ ወዲህ፣ ቤቱ እስካለበት፣ ከቁጥቋጦ በስተቀር ያረጀ ነገር አልነበረም። ከማንጎው ሥር የዋኒ እናት ማማ ኪዴን ለውዝ እየፈለፈሉ ተቀምጠዋል። ወርቅውሃ እጅ ነስታ አጠገባቸው ቁጭ አለችና በዋኒ አስተርጓሚነት ጠየቀቻቸው።

“እማማ፣ ከመሰደዳችሁ በፊት እዚህ ቦታ ላይ ምን ነበር?”

“ማሽላ” አሉ። “ባለቤቴ የሚያርሰው። እዚያ ጋ ደግሞ ላሎብ ነበር።” የቤቱን በረንዳ በአገጫቸው አመለከቱ። ላሎብ የሚሉት እኛ በደኖ የምንለውን ዛፍ ነው። “ሥሩ ነበር የምናርፈው።”

“ዛፉ የት ሄደ?”

“ስንመለስ አጣነው። ለከሰል ቆርጠውታል።”

“ጉቶውስ?”

ዋኒ ወደ በረንዳው ዞር ብሎ አየ። ሲነግራቸው እጃቸው ለውዙ ላይ ቆመ።

“ማፊ” አሉ። የለም ማለታቸው ነው።

ወርቅውሃ አካፋ እንዲያመጣ ጠየቀችው። ዋኒ ከበረንዳው አጠገብ ቆፈረ። ላይ ላዩ ጥሩ አፈር ነው። ጉልበቱን ሲያልፍ ግን አካፋው የፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ወጣ፤ ከዚያ አመድ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የጫማ ሶል። ወገቡ እስኪደርስ ቆፍሮም ቆሻሻው አላለቀም። ማንጎው ሥር ሲሞክሩ ግን ብዙም ሳይቆይ አካፋው ጠንካራ ቀይ ጠጠር ላይ ነጠረ።

“ገረጋንቲ ነው” አለች ወርቅውሃ። “እዚህ ሙራም የምትሉት። ለመንገድ ንጣፍ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። እናንተ ስትሰደዱ መንገድ ሠሪዎች የጠጠር ማውጫ ካባ አድርገው ቆፍረው ወስደውታል። ሲጨርሱ በቆሻሻ ሞልተው ላዩን አፈር አለበሱት። ስትመለሱ ያገኛችሁት ሣር የበቀለበት ሜዳ ነው።”

ሐቢብ፣ “አይጠገንም?” አለ።

“ግድግዳው ይጠገናል። ከሥር ያለው ግን ገና እየወረደ ነው። ልጆችህን ይዘህ አትግባበት።”

ሐቢብ ዋኒን ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ዋኒ አካፋውን እንደያዘ ማንጎው ሥር ቀረ።

ከቀናት በኋላ ዋኒ በምሳ ሰዓት ጫኔ ምግብ ቤት መጣና ወርቅውሃ የተቀመጠችበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመ።

“ቤቴ ላይ ክፉ ስም አወጡበት፣ እትዬ። ከእናንተ በኋላ የመጣው ተከራይ ግቢው ሳይገባ ተመለሰ።”

“የነገርኩት ለሐቢብ ብቻ ነው።”

“ጁባ ውስጥ ለአንድ ሐበሻ መንገርና ለሁሉም መንገር ምን ልዩነት አለው?”

ጫኔ አንድ ወንበር ስቦ፣ “ቁጭ በል ወንድሜ፣ ቆሞ ክርክር ደግ አይደለም” አለው። ዋኒ ሳይወድ ተቀመጠ።

ወርቅውሃ፣ “አንተስ የት ነው የምትተኛው?” አለችው።

“እዚያው ቤቴ።”

“እናትህስ?”

“ከኔ ጋር።”

“ተከራዩን ተወው። በሰሜን በኩል ያለችው ክፍል ናት ቀድማ የምትሄደው። ክረምቱ ሳይገባ ውጡ።”

“ሄጄ የት ልኑር?”

እሑድ ወርቅውሃ ማንም ሳይጠራት ቱንቢዋንና ገመዷን ይዛ ጉምቦ ሄደች። ዋኒ ሲያያት ፊቱን አዞረ፤ ኋላ ግን አካፋውን አነሳ። ቀኑን ሙሉ እዚህም እዚያም እየቆፈሩ ጠንካራው መሬት የሚያበቃበትን ድንበር ፈለጉና ችካል መቱበት። ከግቢው ብዙውን እጅ ካባው በልቶታል። የተረፈው ማንጎዎቹ ያሉበት ጠባብ ቦታ ነው። ማማ ኪዴን ችካሎቹን ዞረው አይተው ልጃቸውን ምንም ሳይጠይቁ ወሰኑ፤ በሳምንቱ ማንጎው ሥር የጭቃና የሣር ጎጆ አሠርተው ገቡበት። ዋኒም አልጋውን ይዞ ተከተላቸው።

ዝናቡ መጣ። ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦትም አለፈ፤ ቤቱ ንቅንቅ አላለም። ዋኒ ስልክ ደወለላት።

“እትዬ፣ ቤቱ ሰላም ብሎዎታል።”

ሲስቅ ሰማችው። እሷም ሳቀች፤ ስልኩን ስትዘጋ ግን ሳቋ አብሯት አልቆየም። በዚያ ሰሞን ሀይፋ ከልጆቿ ጋር መጥታ ነበር። ሐቢብ ጁባ ታውን ውስጥ የያዘላት ቤት ጠቦባት፣ ወርቅውሃን ባገኘቻት ቁጥር የጉምቦውን ግቢ ስፋት ትጠይቃታለች። ወርቅውሃ ለጫኔ፣ “ሰው አስፈራርቼ እንዳይሆን” አለችው። ጫኔ፣ “ወርቄ፣ ቤት እንዲፈርስ ነው የምትመኚው?” አላት። አይደለም። ግን ምን እንደምትመኝ እሷም አላወቀችውም።

ሰኔ ላይ ዋኒ ጎጆው አፈሰሰብኝ ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የተኛው እሷ ከጠቆመችው ጥግ በራቀው፣ በረንዳው ጋ ባለው ክፍል ነው።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናብ ሲዘንብ አድሮ ባባራበት ጠዋት፣ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዞ ስኳር ሊያመጣ ገባ። ከኋላው ገልባጭ መኪና ድንጋይ ሲያራግፍ የመሰለ ድምፅ ሰማ። ዞር ሲል በረንዳው ከነምድጃው የለም። የበሩ ጉበን ተጣሞ በሩን ነክሶታል፤ የቆመበት ወለልም በእግሩ ሥር እየተሰነጠቀ ነው። ወደ ውስጥ ሮጠ። ሰሜን ወዳለችው ክፍል ገብቶ በመስኮቷ ዘለለ፤ ሲወድቅ የእጁ አንጓ ተሰበረ። እናቱ ስሙን እየጠሩ ሲመጡ ጭቃው ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ታቅፎ፣ ቤቱን እያየ ነበር። የውሃ ታንከሩ ከነብረት ማማው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። ሰሜን ያለችው ክፍል ግን እንደቆመች ነበረች።

ወርቅውሃ ስትደርስ እጁ በእንጨት ታስሯል። ጉድጓዱን ዞራ አየችው፤ ከዚያ የተረፈችውን ክፍል።

“ተሳስቻለሁ” አለችው። “ታንከሩ ሞልቶ ሲፈስ ውሃው የት እንደሚሄድ አላየሁም። በረንዳህ ሥር ሲገባ ነው የኖረው። ቀድሞ የሚሄደው ይሄኛው ነበር። እኔ ደግሞ ከዚያኛው ራቅ አልኩህና እዚህ መጥተህ ተኛህ።”

ዋኒ፣ “ጭራሽ ውጣ ብለውኝም ነበር እኮ” አለ።

ማማ ኪዴን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ነበር። ከተናደው አፈር መሀል ጥቁር ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል። በባሪኛ አንድ ነገር አሉ። ዋኒ ወደ ወርቅውሃ ዞሮ፣ “‘የባለቤቴን እርሻ የትኛው መንገድ ላይ ነው ያፈሰሱት?’ ነው የሚሉት” አላት።

ወርቅውሃ አላውቅም አለች። በሠራችባቸው ዓመታት ሁሉ ገረጋንቲውን በወንፊት ነፍታ፣ ጥንካሬውን ለክታ፣ ይሆናል ወይም አይሆንም ብላለች። ቦታው የማን እርሻ እንደነበር ጠይቃ አታውቅም፤ የሚጠየቅ ነገርም መስሏት አያውቅም። ማማ ኪዴን መልሷን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና ልጃቸውን ሻይ ሊያጠጡ ወደ ጎጆው ወሰዱት።

የዋኒ እጅ እስኪድን ቤቱን አልነኩትም። ከዳነ በኋላ ቆርቆሮውን አወረደ፣ ሳይሰበር የተረፈውን ብሎኬት እየፋቀ ደረደረ። ክረምቱ ሲወጣ ማንጎዎቹ አጠገብ፣ ከችካሎቹ ወዲያ ባለው ጠንካራ መሬት ላይ፣ ሁለት ክፍል ሠራ። መሠረቱ ሲቆፈር ወርቅውሃ ቆማ አየች፤ ከዋኒ ጋር ስለ ማዕዘኑ ብረት አቀማመጥ ተከራክረው እሱ ረታ። ካባውን በአጥር ከለሉት። ሀይፋ አንድ ቀን ግቢውን ልታይ መጥታ፣ ቦታው ደስ ይላል ግን ለልጆቹ ትምህርት ቤት ይርቃል ብላ የጁባ ታውን ኑሮዋን መረጠች። የሚከራይ ትርፍ ክፍልም ስላልነበረ ማንም አልተቀየመም።

ወርቅውሃ ከዚያ በኋላ ቤት ለማየት ስትሄድ አስቀድማ በሰፈሩ ለረዥም ዘመን የኖረ ሰው ትፈልጋለች። ባሪኛ ስለማትችል ዋኒ ሥራ በሌለው ቀን አብሯት ይሄዳል። ታኅሣሥ 2008 ላይ ረጃፍ መንገድ ዳር የሚከራይ ቤት ለማየት ሲሄዱ፣ መረብ ሲጠግኑ ያገኟቸው አንድ ሽማግሌ አሣ አጥማጅ ወንዙ ሞልቶ ሲወጣ እስከየት እንደሚደርስ በእግራቸው ሄደው አሳዩዋቸው። ቤቱ ከዚያ በላይ ነበር። ቆፍረው ሲያዩትም ሥሩ ማንም ያልነካው መሬት ነው። ወርቅውሃ ለደንበኛዋ ደውላ፣ “ግባበት” አለችው።