ለሁለት የተገመሰው ኪኒን

ተቀምጦ መጠበቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እኔም እያፈሰስኩ እየለቀምኩ አደግሁ። አሰበ ተፈሪ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አካሚ፣ ሆኜ ስቀጠር ኃላፊው ይህን ጠባዬን አይተው ነው መሰለኝ፣ መንቀሳቀስ የማይችሉ አሮጌ አርበኞችን በየቤታቸው እየዞርኩ እንዳክም መደቡኝ። ሣጥኔን አንግቤ ዳገት ቁልቁለቱን ስል እውላለሁ። ሥራው በልኬ የተሰፋ ነበር። ቁስል ግን በሩጫ እንደማይድን ገና አልገባኝም።

ከሁሉም ያስጨነቁኝ፣ ከተማው ጫፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በጣሊያን ጊዜ ቅልጥማቸው ላይ የመታቸው ጥይት የተወው ቁስል ክረምት በመጣ ቁጥር ያመረቅዛል። በዚያ ዓመት ጭራሽ አልጠግ አለ፤ ሽታው በር ላይ ይቀበለኝ ጀመር። ከሐረር እየመጣ የሚጎበኘን ፈረንጅ ሐኪም አይቶት፣ ተመልሶ ሲመጣ ለውጥ ካላገኘ እግሩ ከጉልበት በታች እንደሚቆረጥ በአስተርጓሚ ነገራቸው። ሽማግሌው እሱ ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ እግራቸውን ከሚሰጡ ነፍሳቸውን ቢሰጡ እንደሚሻላቸው እንደ ተራ ወሬ ነገሩኝ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ጠዋት ጠዋት እየከነፍኩ እሄዳለሁ፤ ቁስሉን በጨው ውኃ አጥባለሁ፣ ፋሻ እቀይራለሁ፣ የዕለቱን የሱልፋ ኪኒን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጥቼ እወጣለሁ። በማግሥቱ ፋሻውን ስፈታ ያው ነው። መጠኑን አሳስቼ ይሆን? ወይስ ኪኒኑ መጋዘን ከርሞ ኃይሉን አጥቶ ይሆን? ኃላፊውን በጥያቄ ሳሰለቻቸው ትዕግሥት ይኑርሽ አሉኝ። ትዕግሥትን እኔ በወሬ ነው የማውቃት።

አንድ ቀን እንደ ልማዴ ስጣደፍ መቀሴን እሳቸው ቤት ረሳሁና ከመንገድ ተመለስኩ። ሽማግሌው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጓደኛቸውም አጠገባቸው አሉ። እኚህ ጓደኛ የመሰላ አገር ኦሮሞ፣ ሙስሊም ናቸው። በጣሊያን ጊዜ ጫካ አብረው ከርመዋል፤ አሁን ከተማ ገብተው ልጃቸው ዘንድ ስለሚኖሩ ሁለቱ ሳይገናኙ አይውሉም። በዚያ ሰሞን ጓደኛቸውን ክፉ ሳል ይዟቸው ነበር። እኔ ስደርስ ሽማግሌው ኪኒኑን ድንጋይ ላይ አድርገው በቢላ ገምሰው፣ እኩሌታውን ለጓደኛቸው እያቀበሉ ነው።

ደሜ ፈላ። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሰጠሁትን ሁሉ እኩል ሲካፈሉት ኖረዋል። ለአንድ ሰው የተለካ መድኃኒት ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱንም አላዳነም። እግሩ ሊቆረጥ እንደሆነ ረስተውታል ወይ ብዬ ተቆጣሁ። ሽማግሌው አስጨርሰውኝ፣ ጫካ ሳሉ እፍኝ ቆሎ እንኳ ሳይካፈሉ በልተው እንደማያውቁ፣ ይህንንም ተማምለው እንደነበር አስረዱኝ።

«አንቺ የምታወሪው ስለ ኪኒን ነው» አሉ። «እኛ የተማማልነው ስለ ሁሉም ነው።»

ኃላፊው ሲሰሙ ሳቁና ኪኒኑ ቀርቶ በመርፌ ይሁን፣ መርፌ እንኳ አይካፈሉትም አሉ። ችግሩ፣ በእጃችን የቀረው ፔኒሲሊን ከአንድ ሰው አያልፍም። ሌላው በባቡር ሚኤሶ ደርሶ ከዚያ በመኪና እስኪመጣ መጠበቅ አለበት፤ መንገዱን ደግሞ ክረምቱ አበላሽቶታል። ሽማግሌው ነገሩን ሲረዱ፣ ጓደኛዬ ካልተወጋ እኔም አልወጋም ብለው ወይ ፍንክች አሉ። ሐኪሙ የሚመለስበት ጊዜ እየቀረበ ነው። መርፌዬን ቀቅዬ እሄዳለሁ፣ ሳልወጋ እመለሳለሁ። መንገድ ላይ በንዴት ያለቀስኩበት ቀን አለ።

አንድ ጠዋት ስደርስ ጓደኛቸው ቀድመውኝ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሳላቸው እስኪያልፍ በሩን ተደግፈው ጠበቁና፣ ሽማግሌው ከውስጥ እየሰሙ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ትናንት የወጋሽኝ ቦታ ዛሬም ያመኛል» አሉኝ።

ትናንት ልወጋቸው ቀርቶ አላየኋቸውም። ዓይናቸውን ከዓይኔ ላይ አልነቀሉም። ሣጥኔን ከትከሻዬ አወረድኩ።

«በሙቅ ውኃ ይሹት፣ አባ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ጓደኛቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ትክ ብለው አዩዋቸው። ከዚያ መደቡ ላይ በጎናቸው ተኙልኝ፤ ወጋኋቸው።

ቁስሉ ከዚያ በኋላ መድረቅ ጀመረ፤ ሽታው ጠፋ፣ ቀይ ሥጋ ሞላበት። ሐኪሙ መጥቶ ነካካውና መቁረጥ አያስፈልግም አለ። ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን አላሳረፈኝም፣ ያ ሳል ከጆሮዬ አልወጣማ። ከሚኤሶ የመጣ መኪና ባየሁ ቁጥር ሮጬ ሾፌሩን እጠይቃለሁ። መድኃኒቱ ሲደርስ ሣጥኔን ይዤ ወደ ልጃቸው ቤት በረርኩ። ጓደኛቸው ከመኝታቸው መነሣት አቅቷቸዋል። መርፌውን ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ ለሽማግሌው እግር የሚሆነው በቅቶ እንደሆነ ነው። በቅቶታል፣ ድኗል አልኳቸው። ወጋኋቸው፤ በማግሥቱም ሄጄ ወጋሁ። ግን ረፍዶ ነበር፤ ሳምንቱን አልጨረሱም።

ሽማግሌው በዱላ ብቻ፣ በሁለት እግራቸው፣ ጀናዛውን ተከትለው ዳገቱን ወጡ። ሴት ወደ መቃብሩ ስለማትወጣ እኔ ከሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ሲወርዱ ከልማድ እግራቸውን አየሁ፤ አላነከሱም። ያን ጠዋት የሆነውን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ጫካም ሳለን እንዲሁ ነበር» አሉ። «ስንቅ ሲያልቅብን የእሱን ድርሻ ወደ እኔ ገፍቶ ‹ኛዴራ፣ በልቻለሁ› ይለኛል።»

ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«አለመብላቱን አውቃለሁ። እያወቅሁ እበላ ነበር።»

ዱላቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። እኔም ልቅደም ሳልል ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ።