አባቴ ደራሲ የነበረባቸው ቅዳሜዎች

መጀመሪያ የሰማሁት ሳሉን ነው። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጥ ቤት ሻይ እያፈላሁ ነበር። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ስልኩ በራሱ ሌላ መርጦ ማጫወት ጀመረ፤ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ደረቅ፣ አጭር፣ መጨረሻዋ ላይ የምትሰነጠቅ ሳል። ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ፊቱን ሳላየው አወቅኩት። ያቺን ሳል ከየት እንደማውቃት ልንገርህ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር እወቅልኝ፤ ደራሲዎች ወንበር ላይ ተደላድለው ስለ መጻፍ የሚያወሩባቸውን ቅጂዎች አልወድም። ዛሬ በየስልኩ ሞልተዋል። ሁሉም በማለዳ ይነሳል፣ ሁሉም ተሠቃይቷል፣ የሁሉም ገጸ ባሕርያት አልታዘዝ ብለውታል። "ሰነፍ ነኝ፤ የምጽፈውም ስለምቀና ነው" ያለ አንድም አልሰማሁም። ይህን ስል ጓደኞቼ ምቀኛ ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም ይሆናል። ሆኖም በወጣትነቴ እንዲህ ያሉትን ቅጂዎች አፌን ከፍቼ አይ ነበር፤ ያውም ቋንቋው ሳይገባኝ።

ያኔ ሐዋሳ፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ብዙ በማይርቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰብ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ነበረን። ነፋሱ ከሐይቁ ሲመጣ የዓሣ ሽታ ይዞ ይገባል። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ጣሪያው ላይ ሲንጎራደዱ ጫማ ያደረገ ሰው የሚሄድ ይመስላል። የክበቡ ሰብሳቢ የአማርኛ አስተማሪያችን ነበር። ውጭ አገር የምትኖር እህቱ የቪዲዮ ካሴት ትልክለት ነበር፤ ፈረንጅ ደራሲዎች ከመጽሐፋቸው ሲያነቡ፣ ከዚያም ስለ ኑሯቸውና ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ። መጋረጃው ይዘጋል፣ ዴኩ ካሴቱን እያንቋረረ ይውጣል፣ ሰማያዊ ብርሃን ፊታችን ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ምንም አይገባንም። እንግሊዝኛችን የፈተና እንግሊዝኛ ነበር፤ ባዶ ቦታ መሙላት እንችላለን፣ ሰው ሲናገር ግን ይጠፋብናል።

ሰብሳቢው አንድ ቀን ጠራኝና አባቴ ያስተረጉሙልን እንደሆነ ጠየቀኝ።

አባቴ በሥራ ቀን የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ አስተርጓሚ ነበር። የውጭ አገር ሰባኪ ሲመጣ መድረክ ላይ ከጎኑ የሚቆመው እሱ ነው። ሰባኪው እጁን ሲያነሳ እሱም ያነሳል፣ ሲጮኽ ይጮኻል፣ ሲያለቅስ ድምፁ ይሰበራል። ከሰባኪው ይልቅ አስተርጓሚው የነካቸው ብዙ ነበሩ። ልብ ወለድ ግን በዕድሜው አንድም አላነበበም። ኃጢአት ነው አይልም፤ ሥራ መፍታት ነው ይል ነበር። ስጠይቀው ግን ቡናማ ኮቱን ለብሶ መጣ።

ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄዶ ቆመ፤ ልክ ከሰባኪ ጎን እንደሚቆመው። አስተርጓሚ "እሱ እንዲህ አለ" አይልም፤ "እኔ" ነው የሚለው። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በቀር ምንም ጽፎ የማያውቀው አባቴ ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ "የመጀመሪያ መጽሐፌን ስጽፍ በእኔ ያመነ ሰው አልነበረም" አለ። ከኋላ አንዱ ተማሪ ዝቅ ባለ ድምፅ "አሜን" አለና ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸመው። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። እስኪሪብቶዎች ብቻ ይንሾካሾኩ ነበር። እኔም በአባቴ ኮርቼ ተቀመጥኩ።

ኩራቴ ያ የሚያስለው ሽማግሌ እስኪመጣ ቆየ። ቢጫ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጠያቂዋ የሆነ ነገር ጠየቀችው። አሳለና ረዘም አድርጎ መለሰ። አባቴ እጁን አንስቶ እንዲህ አለ፤

"እናቴ የሞተችው ልጅ ሳለሁ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ስሟን የጠራ የለም። የምጽፈው አንድ ሰው እንዲጠራት ብዬ ነው።"

ልክ በዚያች ቅጽበት ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ተመልካች በሳቅ ፈነዳ። ደራሲው ራሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል። የአባቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ወደ ቴሌቪዥኑ መስታወት አየ፣ ወደኛ አየ።

"ይስቃሉ" አለ ቀስ ብሎ። "ሰው ሲያፍር ይስቃል።"

ክበቡ ይህንንም ጻፈ። እኔ አልጻፍኩም። ከደራሲው ረጅም ንግግር ጆሮዬ የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ውሻ የሚለው። የአባቴ እናት ደግሞ እሱ ልጅ ሳለ መሞቷን አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ በቤታችን ተሰምቶ አያውቅም።

ወደ ቤት ስንሄድ ሰውየው ያወራው ስለ ውሻ አልነበረም ወይ አልኩት። አልተቆጣም። የዚህ ሰውዬ አነጋገር ፈጣን ነው፣ አንዳንዱ ቃል ያመልጠኛል፣ መንፈሱን ግን አልስትም አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም እንዲሁ ነው ወይ ስለው እርምጃውን ፈጠን አደረገ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። የካሴቱ ሁለተኛ ክፍል ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጥሮ ነበር። ሰብሳቢው ደግሞ እንግዳ ጋብዟል፤ ውጭ አገር ተምሮ ገና የተመለሰ የዩኒቨርሲቲ መምህር። ይህ መምህር የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ሽማግሌ ልጅ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ትልቅ ኮንፈረንስ አለ፤ አባቴን ለአስተርጓሚነት የመረጡትም እኚሁ ሽማግሌ ናቸው። እንግዳው አንድ ቃል ለአባቱ ቢነግር፣ ከተማው ስንት ዓመት ሙሉ አሜን ያለው ለማን ስብከት እንደነበር መጠየቁ አይቀርም። አባቴ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከዚህ ሥራ ሌላ ምንም ክብር አልነበረውም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አሞኛል በልና ቅር ብዬ ለመንኩት። ኮቱን እየቦረሸ ነበር።

"ጠርተውኝማ አልቀርም" አለ።

እንግዳው እጆቹን አጣምሮ ከኋላ ተቀመጠ። አባቴ እንዳየው ገባኝ፤ ምክንያቱም ያን ቀን አባቴ ታማኝ ሆነ። ደራሲው አምስት ዓረፍተ ነገር ሲናገር እሱ አንድ ይላል፤ እሷም ስንኩል ናት። መጻፍ ከባድ ነው። ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር። አሳታሚው ጥሩ ሰው አይደለም። ሰብሳቢው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠና፣ "ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ አውርቶ ይኼን ብቻ ነው ያለው?" ብሎ ጠየቀ። የአባቴ ግንባር በሰማያዊው ብርሃን ያብረቀርቅ ነበር። ደራሲው አሳለ። መናገር ጀመረ። አባቴ በኮቱ እጅጌ ግንባሩን ጠረገ። ደራሲው ብቻውን ያወራል፤ ጣሪያው ላይ አባ ኮዳው ይራመዳል። እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር።

ከኋላ ወንበር ተንቀሳቀሰ። እንግዳው ተነስቶ በመካከላችን አልፎ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ። ሊያጋልጠው ነው አልኩ በልቤ። ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነሰ፤ ቀነሰ፤ እስኪጠፋ ድረስ።

"ድምፁ እየረበሸን ነው፣ ጋሼ" አለ። "እርስዎን እንስማ።"

ወጥመድ መሰለኝ። አሁን የሚደበቅበት ድምፅ እንኳ የለውም። አባቴ እንግዳውን ለረጅም ጊዜ አየው። እንግዳው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እጆቹን ግን አላጣመረም።

አባቴ ጀመረ። ደራሲው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ አባቴ ይናገራል። ከእንሰት ጓሮ መሀል ስላለ ቤት ተናገረ። አንዲት ሴት አጥባ አጥር ላይ ስላሰጣችው ቀሚስ፤ ሴትየዋ ከሞተች በኋላ ቀሚሱን ለማንሳት የደፈረ ሰው ስለ መጥፋቱ፤ አንድ ልጅ በየማለዳው ወጥቶ ቀሚሱን ስለ ማየቱ፤ ዝናቡ ቀስ በቀስ እስኪበላው ድረስ። ደራሲው ጣቱን ቀሰረ፣ ወዲያ ወዲህ አወናጨፈ። የአባቴ እጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ተከትለው አልተነሱም፤ ከጎኑ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ካሴቱ አልቆ መስታወቱ ነጭ ሲሆን እሱ ገና እየተናገረ ነበር። ማንም ያየ አይመስለኝም።

በሩ ላይ እንግዳው የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

"ጥሩ ደራሲ ነው፣ ጋሼ።"

"ነው" አለ አባቴ። "ሳሉ ነው እንጂ ያስቸገረው።"

እንግዳው ለአባቱ ምንም አልነገረም፤ ቢነግር ኖሮ ሰኞን ሳያልፍ እንሰማው ነበር። ኮንፈረንሱ ላይ የቆመው አባቴ ነው። ቃል በቃል አስተረጎመ። አንዴማ ሰባኪውን አስቁሞ፣ በማይኩ፣ ይቅርታ ይኼ አልገባኝም፣ ድገሙልኝ አለ። ሕዝቡ ቀዘቀዘ። የመንፈስ ቅዱስ ቅባት ለቆታል ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ፣ ወጣትና ጩኸታም አስተርጓሚ ተመረጠ፤ አባቴም እንደማንኛውም ምእመን ከሕዝቡ መሀል ዓይኑን ጨፍኖ መስማት ጀመረ። ወደ ክበቡም ዳግመኛ አልመጣም።

ዛሬ እንግሊዝኛው ይገባኛል፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቅጂውን እስከ መጨረሻው አየሁት። ደራሲው የሚያወራው ስለ ውሻው ነው፤ ውሻው የልብ ወለዱን መጨረሻ በልቶበታል። ከዚያ ስለ ጣሪያው መፍሰስ፣ ስለ አሳታሚው። እናቱን አንድ ጊዜ እንኳ አያነሳም። መጽሐፎቹን በኋላ አንብቤያቸዋለሁ። አባቴ በአፉ ያኖረለትን የሚያህል አንድም አልጻፈም። ይህን የምነግረው አባት ግን አሁን የለኝም።

እንግዳው በመጣበት ቅዳሜ ከአዳራሹ ወጥተን በሐይቁ ዳር ነበር የሄድነው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ውኃው ላይ ተኝታለች፤ ከአንዱ ሆቴል ሙዚቃ ይሰማል። አባቴ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ነበር፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ብዙ ከሄድን በኋላ ደፈርኩ።

"አባዬ፣ ስሟ ማን ነበር?"

ስለማን እንደምጠይቅ አልጠየቀኝም።

"አላውቅም" አለ።

ጥቂት እርምጃ ሄዶ ጨመረ። "የጠራ የለም አልኳችሁ እኮ። ሰፈሩ በሙሉ በኔ ስም ነበር የሚጠራት፤ የእገሌ እናት እያለ። መጠየቅ እንዳለብኝ ሲገባኝ የሚያውቁት አልቀው ነበር።"

ውኃው ዳር ደርሶ ቆመ። እኔም ከጎኑ ሄጄ ቆምኩ። ሌላም የሚለው ያለ መሰለኝ፤ ጠበቅኩት። ኮቱን መልሶ ለበሰው፤ ኮሌታው ተጣጥፎበት ነበር፣ አስተካከልኩለት።